ክቡ ለምን እንቁላል መሰለ?

በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ 9 ቁጥር ከተጻፈበት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ የሒሳብ መለማመጃ ትሠራ ነበር። ጥያቄው ከባድ አልነበረም፤ አንድ የተጠማዘዘ መስመር ተሥሎ «ይህ ቅርጽ ምን ይባላል?» ይላል፤ ከሥሩም ክብ፣ ኢሊፕስ፣ ፓራቦላና ሃይፐርቦላ የሚሉ አራት ምርጫዎች ተደርድረዋል። ልጅቱ ሳትጠራጠር ኢሊፕስ የሚለውን መረጠች፤ መኪናውም ተሳስተሻል አላት።

«ቲቸር፤ ይኼ ክብ ነው?» ብላ ጠራችኝ።

እኔም በ12ኛ ክፍል ክብና ኢሊፕስ መለየት ያቃታት ተማሪ አገኘሁ ብዬ ለተግሣጽ አፌን አሰናድቼ ተጠጋሁ። ዳሩ ግን ቀና ብዬ ስመለከት በስክሪኑ ላይ ያለው ነገር እንደ ዶሮ እንቁላል ተጋድሞ አገኘሁት። ማስመሪያ አስመጥቼ ለካሁ፤ ከላይ እስከ ታች 9 ሳንቲ ሜትር፣ ከግራ ወደ ቀኝ 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በአጠገቡ ባለው በ10 ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ጥያቄ ብናወጣው ድቡልቡል ክብ ነው። እንግዲህ ልጅቱ ያየችውን ነበር የመለሰችው፤ ተሳስቶ ያሳሳታት ኮምፒዩተሩ ነው። ተግሣጹን ወደ ሆዴ መለስኩት።

ነገሩ ለሳቅ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፊሉ ተፈታኝ በወረቀት፣ ከፊሉ ደግሞ በኮምፒዩተር በኦንላይን የሚፈተንበት ነበርና፣ ልጆቻችን ማውዝ ጨብጠው የማያውቁ እንዳይሆኑ ብለን ነበር ክፍሉን የከፈትነው። ለመለማመድ የመጣ ልጅ ስሕተት ተለማምዶ ከሄደ ክፍሉ ባይከፈት ይሻል ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን ማታ ከጥበቃው ሠራተኛ ቁልፍ ተቀብዬ ለብቻዬ ቁጭ አልኩና 24ቱንም ኮምፒዩተሮች አንድ በአንድ ለካሁ። 11ዱ ታማሚ ሆነው ተገኙ። የበሽታውን ስም ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ በ11ዱም ላይ ስክሪኑን የሚያዘው የወል ድራይቨር ነበር።

እስቲ ይህ የወል ድራይቨር ምን እንደ ሆነ ጥቂት ላስረዳችሁ።

ኮምፒዩተር አንድ አካል መስሎ ይታየናል እንጂ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የመጡ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ መሣሪያዎች በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩበት ቤት ነው። ሥዕሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል ግራፊክስ ካርድ ይባላል፤ ዛሬ ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ለብቻው የተሰካ ካርድ ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። በምናውቃቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ይህን የሚሠሩት በተለይ ሦስት ኩባንያዎች፣ ኢንቴል፣ ኤኤምዲና ኤንቪዲያ ናቸው። የአንዱ ካርድ የሌላውን ትእዛዝ አይሰማም፤ ይባስ ብሎም የአንዱ ኩባንያ የቅርብ ጊዜ ካርድና ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራው ታላቅ ወንድሙ እርስ በርሳቸው ቋንቋ ላይግባቡ ይችላሉ። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ በበኩሉ «እዚህ ቦታ ላይ ክብ ሣል» ብሎ ሲያዝ፣ ትእዛዙን ካርዱ በሚሰማው ቋንቋ የሚያደርስለት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ያ አስተርጓሚ ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም ነጂ ማለት ቢሆንም፣ ነጂ ሲባል የሚታየኝ የአውቶቡስ ሹፌር ስለ ሆነ እኔ አስተርጓሚ ማለቱን እመርጣለሁ።

አስተርጓሚው ሁለት ዓይነት ነው። በሰዋስው ትምህርት የወል ስምና የተጸውዖ ስም እንደ ተማርን ታስታውሳላችሁ፤ በገበያ መካከል ቆማችሁ «አንተ ሰው!» ብትሉ ብዙ ሰው ዘወር ይላል፤ ማንም ግን ተጠግቶ ሸክም አያግዛችሁም። በስሙ የጠራችሁት ግን መጥቶ ያነሣላችኋል። ለአንድ ካርድ ተብሎ የተጻፈው ድራይቨር ካርዱን በስሙ ይጠራዋል፤ የወል ድራይቨር ግን ማንኛውም ካርድ ሊሰማው የሚችለውን ጥቂት ቃል ብቻ ያውቃል።

እነዚህ ጥቂት ቃላት ከየት መጡ? በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪጂኤ የተባለውን የስክሪን ሥርዓት አወጣ። በአግድም 640፣ በቁም 480 ነጥብ፣ 16 ቀለም ነበረው። ሌሎች ፋብሪካዎች ወዲያው ገልብጠው ሠሩት፤ ከዚያ ግን እያንዳንዱ ከ640 በ480 በላይ ልሂድ እያለ በየራሱ መንገድ ሮጠ፤ የባቢሎን ግንብ ነገር ሆነ። ይህ ሲበዛ በ1989 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎቹ ቬሳ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ለ800 በ600 ስክሪን የጋራ ደንብ አበጁ፤ ደንቡም እያደገ ሄዶ ካርዱ ራሱ «እኔ እነዚህን እነዚህን መጠኖች አውቃለሁ» ብሎ የሚያስነብበው ዝርዝር በሆዱ ተጽፎ እንዲወጣ ሆነ። የወል ድራይቨር የሚሠራው ያንን ዝርዝር እያነበበ ነው። ማይክሮሶፍትም በ2012 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ የቀድሞውን የወል ድራይቨር አሻሽሎ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ብሎ ሰየመው። ይህ ስም በኮምፒዩተራችሁ ላይ ከታየ አስተርጓሚው የወል ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። 9 ቁጥር የ2011 እ.ኤ.አ. አሮጌ ሳጥን ሲሆን ስክሪኑ ግን በኋላ የተገዛ ሰፊ ነው፤ የተፈጥሮ ልኩ በአግድም 1366፣ በቁም 768 ነጥብ ነው። በሳጥኑ ዝርዝር ውስጥ ግን ይህ ልክ አልተጻፈም፤ የቀድሞ ስክሪኖች ስፋታቸው ከቁመታቸው ጋር 4 ለ3 ነበረና ዝርዝሩም 640 በ480፣ 800 በ600፣ 1024 በ768 እያለ በዚያው ልማድ ይሄዳል። የወል ድራይቨሩ ከዝርዝሩ ውስጥ የተሻለውን 1024 በ768 መረጠ። ስክሪኑ ደግሞ ባዶ ቦታ መተው ስላልወደደ 1024ቱን ነጥብ ጎትቶ በ1366 ቦታ ላይ አነጠፈው። 1366ን ለ1024 ብታካፍሉ አንድ ከሢሶ ያህል ይመጣል፤ 12ንም ለ9 ብታካፍሉ እንደዚሁ። እንቁላሉ የተገኘው ከዚህ ነው። ፊደሉም አብሮ ተለጥጦ ነበር፤ «መ» የተባለችው ፊደል ሁለት በርሜል ተገጥሞ የተኛ ትመስል ነበር፤ እኛ ግን ፊደል ሲወፍር ስክሪኑ እንዲህ ነው ብለን እናልፋለን፤ ክብ ሲበላሽ ነው የምንነቃው።

ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ነገሩ ይለያል። በእነዚህ ላይ ኮምፒዩተሩ ሲበራ የሚነሣው የፋብሪካ ፕሮግራም፣ ዩኢኤፍአይ የሚሉት፣ ስክሪኑን በተፈጥሮ ልኩ አሰናድቶ ለዊንዶውስ ያስረክበዋል፤ የወል ድራይቨሩም የተረከበውን ሳይነካ ይይዛል። ክቡ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ መሳሳት ይበልጥ የሚቀለው በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ምልክቶቹን ልንገራችሁ። የላፕቶፑን ብርሃን ከፍ ዝቅ ለማድረግ የሚጫኑት ቁልፍ አይታዘዝም። «ስሊፕ» የሚለው ምርጫ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ፊልም ሲከፈት እንደ አንካሳ ይሄዳል፤ ለምን ቢባል ካርዱ መሥራት የሚገባውን ሥራ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ተሸክሞታልና። በ1366 በ768 ስክሪን ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለ፤ ፊልሙ በሴኮንድ 25 ሥዕል የሚያሳይ ከሆነ በየሴኮንዱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ነጥብ መሙላት ነው፤ በዚያ ላይ የታመቀውን ፊልም መፍታት አለ።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ፕሮጀክተር ነው። የወል ድራይቨር የሚያውቀው አንድ ስክሪን ብቻ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን ሳታዩት አትቀሩም። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሊቀርብ ሰው ተሰብስቧል፤ ሻይ ቀርቧል፤ ላፕቶፑ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተያይዟል፤ በግድግዳው ላይ ግን ሰማያዊ ብርሃን ብቻ። ገመዱ ይነቀላል፣ ይሰካል፤ ሌላ ገመድ ከጎረቤት ቢሮ ይመጣል፤ በመጨረሻም ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። እኔ ራሴ በአንድ ስብሰባ ላይ ገመድ ከሚነቅሉትና ከሚሰኩት አንዱ ነበርኩ። ፕሮጀክተሩ ምንም አልነበረበትም። ባለፈው ሳምንት ላፕቶፑን «ፎርማት» ያደረገው ሰው ድራይቨሩን ሳይጭን ነበር የመለሰው።

የዚህ ዓይነት ችግር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ታላላቆቻችን በየቢሮው አማርኛን በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀምሩ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ በ3ኛ እትሙ የግእዝን ፊደል ስላስገባ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር ተገኘ። አሮጌ ፋይል የሚከፍት ጸሐፊ ግን ዛሬም ያንን ድብልቅ አልፎ አልፎ ማየቱ አይቀርም። በፊደል ረገድ የጋራው ደንብ የተሟላ ነው፤ ከዩኒኮድ የተሻለ ልዩ ቁጥር አንፈልግም። በግራፊክስ ግን የጋራው ደንብ የሚበቃው ለማየት ያህል ብቻ ነው። በእኛ አገር ቀንበር በየትኛውም በሬ ጫንቃ ላይ ይቀመጣል፤ ያልተለካ ቀንበር ግን ጫንቃ ይልጣል፤ ጥማዱም እስከ ማታ አይዘልቅም።

ታዲያ በትምህርት ቤታችን 11ዱ ኮምፒዩተሮች የወል ድራይቨር ላይ እንዴት ቀሩ? ጥፋቱ የእኔ ነው። ክፍሉን ስናደራጅ ኮምፒዩተሮቹ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ነበሩ፤ ጥቂቱ በግዢ፣ ጥቂቱ በስጦታ፣ ጥቂቱ ከሌላ ክፍል በዝውውር። 24 ጊዜ ዊንዶውስ ከመጫን ብዬ አንዱን አሳምሬ አዘጋጀሁና የእርሱን ዲስክ ወደ ሌሎቹ 23 ገለበጥኩ። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት የሆኑት 12ቱ ወዲያው ተነሡ። የቀሩትም ተነሡ፤ ይህ የወል ድራይቨር ውለታ ነው። እርሱ ባይኖር ኖሮ የማይመስላቸውን ድራይቨር የተሸከሙት ሁሉ ጥቁር ስክሪን ይዘው በቀሩ። እኔም ሁሉም እንደ በራ አይቼ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ዊንዶውስ ራሱ ትክክለኛውን ድራይቨር ፈልጎ ባወረደ ነበር። በአማራ ክልል ግን በተነሣው ግጭት ምክንያት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ የእኛም ክፍል ሌላ መስመር አልነበረውም። ኮምፒዩተሮቹ አስተርጓሚያቸውን የሚጠሩበት ስልክ ተዘግቶ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ አንድ ወዳጄ «ሁሉን ድራይቨር የያዘ» የተባለ ሲዲ ከከተማ ገዝቶ አመጣልኝ። በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ጫንኩት። ሲዲው ካርዱን በቅጡ ሳይመረምር የሚመስለውን ድራይቨር ሰጣቸው፤ ከዚያም በተጨማሪ ያልጠየቅነውን ሁለት ብራውዘርና አንድ የማስታወቂያ ፕሮግራም ጫነ። ኮምፒዩተሮቹ ጠፍተው ሲነሡ የዊንዶውስ ምልክት ታየና ስክሪኑ ጠቆረ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ አልነግራችሁም። በማግሥቱ ያዳነኝ ያው የናቅሁት የወል ድራይቨር ነው። ዊንዶውስን «ሴፍ ሞድ» በሚባለው መንገድ ስናስነሣው ልዩ ድራይቨሮችን ሁሉ ትቶ በወል ድራይቨር ብቻ ይነሣል፤ በዚያ ገብቼ የተሳሳተውን አወጣሁና ወደ እንቁላሉ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሲዲ ሲሰጠኝ አመስግኜ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

የሚበጀው የካርዱን ማንነት ራሱን ካርዱን መጠየቅ ነው። «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚባለው መስኮት ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር ያለውን ስም በቀኝ ተጭናችሁ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ዲቴይልስ»፣ ከዚያም «ሃርድዌር አይዲስ» ብትሉ ረጅም ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች የፋብሪካው ናቸው። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው በ1978 እ.ኤ.አ. ካወጣው ከዝነኛው ፕሮሰሰር ስም የወሰደው ነው። 1002 ከሆነ ኤኤምዲ፣ 10 ተብሎ ዲ እና ኢ የሚከተሉት ከሆነ ኤንቪዲያ ነው። ቀጥለው የሚመጡት አራቱ ካርዱ ራሱ ማን እንደ ሆነ ይናገራሉ። እነዚህን ስምንት ምልክቶች በወረቀት ላይ የያዘ ሰው የትም ሄዶ የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ «ላፕቶፑ ጥቁር ነው፤ ዴል ነው» ብሎ ድራይቨር የሚጠይቅ ግን «ወንድሜ ረጅም ነው» ብሎ ሰው እንደሚፈልግ ነው።

የ11ዱን ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፌ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ባልደረባ ከፍላሽ ጋር ሰጠሁት፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከሰባት ቀን በኋላ ፍላሹ ተመለሰ። ሰባቱ ኮምፒዩተሮች ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ስለ ነበሩ አንድ ፋይል ለሁሉም በቃቸው፤ አንዱ ኤንቪዲያ ለብቻው የራሱን አገኘ። ስምንቱ በአንድ ከሰዓት ዳኑ። ያቺ ልጅም በ9 ቁጥር ፊት ቁጭ ብላ ማስመሪያውን ራሷ አንሥታ ለካች፤ ቁመቱ 9፣ ስፋቱም 9 ሆነ። «አሁን ክብ ነው» አለችኝ፤ በአነጋገሯ ውስጥ ጥቂት ቂም ያለ መሰለኝ፤ አልፈርድባትም።

ሦስቱ ግን እንቢ አሉ። የእነርሱ ነገር ይበልጥ ያስተምራልና ጥቂት ልቆይበት።

አንደኛው አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ በመዳፍ ማሳረፊያው ላይ «ዊንዶውስ ቪስታ ይችላል» የሚል ምልክት እስከ ዛሬ ተለጥፎበታል። በውስጡ ያለው ኢንቴል 915 የሚባለው ነው። ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን ምልክት በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲያስለጥፍ 915 ለቪስታ ተብሎ የተበጀውን አዲሱን የድራይቨር ሥርዓት የሚከተል አስተርጓሚ አልነበረውም፤ በኋላም አልተጻፈለትም። በዚህ ምክንያት በ2007 እ.ኤ.አ. ገዢዎች በአሜሪካ ከስሰው በነገሩ ላይ የኩባንያው ሹማምንት የተጻጻፉት ደብዳቤ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የቀድሞው ዓይነት ድራይቨር ፈጽሞ ተቀባይነት ስላጣ፣ ይህ ላፕቶፕ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ከወል ድራይቨር በቀር ምንም ሊኖረው አይችልም። ከየት አገር ተሰጥቶ እንደ መጣ አላውቅም፤ ምልክቱ ግን ከባሕር ማዶ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ሳይለቅ መጥቷል።

ሁለቱ ደግሞ ኔትቡክ የሚባሉ ትንንሾች ናቸው፤ አተም ኤን2600 የተባለ ፕሮሰሰር አላቸው። እነዚህን የሠራው ኢንቴል ቢሆንም ግራፊክሱን ግን ከሌላ ኩባንያ፣ ፓወርቪአር ከሚባለው ሥራ ተውሶ ነው ያስገባው፤ ድራይቨሩንም የጻፈው ለ32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 ብቻ ነው። ለዊንዶውስ 8ም ለ10ም አልጻፈም። የፋብሪካው ስም ትልቅ መሆኑ ዋስትና እንዳልሆነ እነዚህን አይቼ ገባኝ። ወደፊት ለመሥሪያ ቤታችሁ ያገለገለ ኮምፒዩተር ተቀበሉ ስትባሉ ዲስኩ ስንት ጊጋ ነው ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ያንን ስምንት ምልክት ጠይቁ።

ለሦስቱም መፍትሔ ያገኘሁት ከሊኑክስ ነው። በሊኑክስ ብዙዎቹ ድራይቨሮች ከዋናው ፕሮግራም ጋር አብረው ስለሚመጡ አንድ ፍላሽ ይዞ ብዙ ዓይነት ኮምፒዩተር ማስነሣት ይቻላል። የሚገርመው፣ የኢንቴልን ግራፊክስ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው የሊኑክስ ድራይቨር ስሙ አይ915 ነው፤ ያው ዊንዶውስ የተወው የላፕቶፓችን ካርድ ስም መሆኑ ነው። ላፕቶፑ ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ስለ ሆነ ዴቢያን 12ን ጫንኩለት፤ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ለእንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮች መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል። ኔትቡኮቹም በሊኑክስ ስክሪናቸው በትክክለኛ ልኩ፣ 1024 በ600፣ ተከፈተ፤ ፊልም ግን አሁንም ያነክስባቸዋል። ስለዚህ አማርኛ መጻፍ ለሚለማመዱ ተማሪዎች ሰጠኋቸው፤ ለዚያ ምንም አይጎድላቸውም።

ሊኑክስን የምትሞክሩ አንባብያን ከአንድ ነገር ተጠንቀቁ። ስክሪኑ ሲጠቁር «ኖሞድሴት» የሚል ቃል በመነሻው መስመር ላይ ጨምሩ የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ምክሩ እውነት ነው፤ ቃሉ ልዩ ድራይቨሩን አስቁሞ በወል መንገድ ያስነሣል፤ በእኛ ኤንቪዲያ ላይ በፍላሽ ስሞክረው ሠርቷል። ነገር ግን ቃሉ ለመግቢያ እንጂ ለመኖሪያ አይደለም። ጽፈውት የረሱት ሰዎች ኮምፒዩተራቸው ደካማ ነው እያሉ ለዓመታት ሲያማርሩ አይቻለሁ፤ ቃሉን ብናጠፋላቸው ያው ኮምፒዩተር ሌላ ሆነ።

አሁን ሌላ ቀን መጥቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ የጥገና አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከግራፊክሱም ከሌላውም ክፍል ብዙ ይጠይቃል፤ የእኛ የ2011ዎቹ ሰባት ኮምፒዩተሮች አያሟሉም። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዘዴ አስገድደን እንጫነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁና በመጀመሪያ በፍላሽ እየሞከርኩ ነው። በ9 ቁጥር ላይ ሊኑክስን አስነሥቼ አንድ ክብ ሣልኩና ለካሁ፤ 9 በ9 ነው። ብርሃኑም ይታዘዛል፤ ፊልሙም ሳያነክስ ሄደ። ፕሮጀክተሩ ለስብሰባ ተወስዶ ስለ ነበረ የሁለተኛውን ስክሪን ነገር ገና አልሞከርኩም፤ የሚመለሰው ሰኞ ነው ተብያለሁ።